የተመላሾቹ ደራሲ

የዚያን አገር ስም አልጠራም። ብጠራው እዚያ የቀሩት ሰዎች ይጉላላሉ፤ ባልጠራው ግን እናንተ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። ብርዳም አገር ነው። የዓመቱን እኩሌታ ሰማዩ አመድ መስሎ ይከርማል፤ ሰዉም ከቤቱ ሲወጣ አንገቱን ካፖርቱ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚሄደው። እኔ በዚያ አገር ዋና ከተማ ተዋናይ ነበርኩ፤ በሪሁን እባላለሁ። መጥፎ ተዋናይ አልነበርኩም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ በኋላ የወረደብኝ ጣጣ ሁሉ ከዚሁ ስለመጣ ነው። ደግሞም የማወጋችሁ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ጸሐፌ ተውኔቱ ስለ ጋሽ ልሳኑ ነው።

ጋሽ ልሳኑ የተወለዱት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። አባታቸው ባቡር ሲመጣና ሲሄድ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ለመኖሪያ የተሰጣቸው ከመንገደኞች ማረፊያው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ነበር። ጋሽ ልሳኑ የሚሸኝና የሚቀበል ሰው የሚለውን ሁሉ በግድግዳው በኩል እየሰሙ አደጉ። «ሰው ቁም ነገሩን የሚናገረው ባቡሩ ሊነቃነቅ ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያወራው ስለ ስንቅ ነው» ይሉን ነበር በልምምድ ሰዓት። የመጀመሪያ ተውኔታቸውን የጻፉት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሠራተኞች ክበብ ነው። ሠራተኞቹ በፈረቃ እየተቀያየሩ ይጫወቱት ስለነበር፣ ጀግናው በአንደኛው ገቢር ቀጭን፣ በሁለተኛው ወፍራም ይሆን ነበር ይባላል። ያም ሆኖ ተወደደላቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዋና ከተማው ቴአትር ቤት ተጠሩ።

እዚህ ላይ ስለ አገሩ አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። በዚያ አገር መድረክ ላይ የሞተ ሰው ይለቀስለታል። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ከሞተ፣ በማግስቱ በደራሲው ደጅ ድንኳን ይተከላል። ደራሲው እንደ አባት ከፊት ይቀመጣል፤ ተመልካቹም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣና «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድሩ ወንበር ያመጣል። ሟቹን የተጫወተው ተዋናይ ሳይቀር ጥግ ይዞ ያለቅሳል፤ እኔ ራሴ ለራሴ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ሰዉ የሚያለቅሰው ለተውኔቱ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል። የራሱን ሰው በወጉ ሳይሸኝ የቀረ፣ ፈቃድ ተከልክሎ የእናቱን ለቅሶ ያጓደለ ሁሉ ያን ድንኳን በጉጉት ይጠብቅ ነበር።

የጋሽ ልሳኑ ስም የገነነው በዚህ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ትኬት እየቆረጡ፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን ባቡር ሳይሳፈሩ ስለሞቱ አንዲት አሮጊት ተውኔት ጻፉ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ጋሪዎች በሌላ በኩል ዞሩ። ጋዜጦች የተውኔትን ጥሩነት የሚለኩት በድንኳኑ ስፋት ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ ደራሲ ሁሉ መግደል ጀመረ። አንዱ ተፎካካሪያቸው ቅናት ይዞት በመጨረሻው ገቢር አንድ መንደር ሙሉ ሰው በጎርፍ ፈጀ። እድርተኞቹ ሐዘኑን ተቀምጠው ሊጨርሱት ቢያቅታቸው «ለዚህ ሁሉ ሬሳ ንፍሮ ከየት ይመጣል!» ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ደራሲው በጉባኤ ፊት ተገሥጾ የመንደሩን እኩሌታ አዳነ።

ያ አቤቱታ ነው ጣጣውን የጎተተው። በአገሩ የመጽናናት መሥሪያ ቤት የሚባል ነበረ፤ ሥራው ሕዝቡ እንዳያዝን መጠበቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሹም ነገሩን አስጠንቶ፣ ሠራተኛው ከፋብሪካ የሚቀረው ለቅሶ ላይ እየዋለ መሆኑን ደረሰበትና መድረክ ላይ መሞት በአዋጅ ተከለከለ። የድሮዎቹ ተውኔቶች ሁሉ ታረሙ። መርዝ የጠጣው ንጉሥ ሆዱን ትንሽ ቆርጦት ይሻለው ጀመር። እኔም በጦር ተወግቼ የምወድቅበት፣ ሰው የሚወድልኝ አንድ ትዕይንት ነበረኝ። ከአዋጁ በኋላ ጦሩ ደረቴ ላይ እንደተሰካ ብድግ ብዬ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» እያልኩ እንድወጣ ታዘዝኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ያን ቀን የፊቴን ቀለም ስታጠብ አፈርኩ።

ጋሽ ልሳኑ ለቴአትር ቤቱ መጻፍ አቆሙ። ባለቤታቸው እትዬ የውብዳር በቴአትር ቤቱ የአልባሳት ክፍል ልብስ ሰፊ ነበሩና ያን ጊዜ ቤቱን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ናሁሰናይ ይባላል፣ የእንጨት ሥራ ይማር ነበር። አባቱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲብሰለሰሉ እያየ ያሾፍባቸው ነበር። «አባዬ፣ ለምን ፊልም አትጽፍም? እዚያ ሰው ባይሞትም ቢያንስ ተራራው ያምራል።» ጋሽ ልሳኑ ሳቁ፤ ቆይተው ግን እውነትም ለፊልም መጻፍ ጀመሩ። ስለ ድልድይ ሠሪዎች ጻፉ፣ ስለ ንብ አናቢዎች ጻፉ፣ ስለ ሠርግ ጻፉ። ሰው አየላቸው፣ ሜዳልያም ተሸለሙ። ከሲኒማ ቤቱ የሚወጣ ሰው ግን ወዲያው ስለ ራት ነበር የሚያወራው።

ከዚያ በድንበሩ በኩል ጦርነት ተነሣ። ከማን ጋር እንደሆነ በቅጡ አልተነገረንም። ወጣቱ በየሰፈሩ ተጠርቶ ሄደ፤ ናሁሰናይም ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን መርዶ በየቤቱ ይነገር ነበር። ቆይቶ የመጽናናት መሥሪያ ቤት መርዶ ሰው ያሳዝናል ብሎ እሱንም ከለከለና፣ በምትኩ የመመለሻ ፊልም የሚባል ነገር አወጣ። የየሰፈሩ ዘማቾች በእውነተኛ ስማቸው እየተጠሩ፣ ተዋንያን እየተጫወቷቸው፣ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ይቀረጻል። ባቡሩ ይቆማል፣ ልጆቹ ይወርዳሉ፣ እናቶች ይሮጣሉ። ፊልሙ በዚያው ሰፈር ሲኒማ ቤት ይታያል። በፊልም የተመለሰ ዘማች ደግሞ ተመልሷል፤ በቃ። ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል ይመጣል፣ ቤተሰቡ ጥቁር መልበስ አይችልም፣ «ልጄ የታለ?» ያለችውን እናት «ፊልሙን አላየሽም እንዴ?» ይሏታል።

ማን ይጻፈው ሲባል ከጋሽ ልሳኑ ሌላ ማን ይታሰባል? እንደሳቸው ጣቢያን የሚያውቅ ደራሲ አልነበረም። መጀመሪያ እምቢ አሉ። የመጽናናት ሹሙ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤታቸው ድረስ መጥቶ አግባባቸው።

«ልጆቹ እኮ በሕይወት ያሉ ናቸው፣ ጋሽ ልሳኑ። እርስዎ የሚጽፉት ተስፋ ነው። ተስፋ መጻፍ ነውር ሆነ እንዴ?»

ጻፉ። እውነቱን ልናገር፣ ከአዋጁ ወዲህ የጻፉት ምርጥ ሥራ ያ ነበር። ከዘማቾቹም አንዳንዶቹ ፊልማቸው ከታየ በኋላ በእግራቸው መጡ፤ ይህ ሰዉን አሳመነው። እሳቸውም ውስጥ ውስጡን ማመን የጀመሩ ይመስለኛል፤ እኔ የጻፍኩት ልጅ ይመጣል ብለው። ስለዚህ የናሁሰናይ ክፍለ ጦር ተራ ሲደርስ ማንም ሳይጎተጉታቸው፣ እህል ሳይቀምሱ ተቀምጠው ጻፉት።

የናሁሰናይን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። በቁመት እኩል ነን፣ ሁለታችንም ፍንጭት ነን። በልምምዱ ላይ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አሉኝ።

«እንደሱ አይደለም፣ በሪሁን! ናሁ በር የሚከፍተው በትከሻው ነው፤ እጁ ሁልጊዜ እንጨት ይዟል። ገብቶም ሰላም አይልም፤ ‹ምን የሚበላ አለ?› ነው የሚለው።»

እትዬ የውብዳር የልጃቸውን ሹራብ ከቤት አምጥተው አለበሱኝ። እጅጌውን ሁለቴ አስተካከሉልኝ። «አደራህን፣ ደህና አድርገህ ግባ» አሉኝ። ደህና አድርጌ ገባሁ። ፊልሙ ሲታይ በአዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም፤ የደስታ ለቅሶ በአዋጁ አልተከለከለም።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ምሳ ጠርተውኝ ገበታ ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ። አንድ እጁ የተቆረጠ ወጣት ነው። ከናሁሰናይ ጋር በአንድ ምሽግ የነበረ ጓደኛው መሆኑን ተናገረ፤ ወንበር ቢሰጡት አልተቀመጠም።

«ናሁ የለም፣ እማማ» አለ። «ወንዙ ዳር ነው። አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ?» አሉ ጋሽ ልሳኑ።

«በረዶው መጣል ሳይጀምር።»

ፊልሙ የተጻፈው በረዶው ከጀመረ በኋላ ነው። ጋሽ ልሳኑ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ። እትዬ የውብዳር ተነሥተው ለወጣቱ ሾርባ ቀዱለትና ሲጠጣ ቆመው አዩት።

በማግስቱ ድንኳን ሊተክሉ ሲሉ የሰፈሩ ሹም ደረሰ። ሰፈሩን የሚጠብቅ፣ ሰው የማይጠላው ጎረቤት ነው።

«ለማን ነው ድንኳኑ?»

«ለልጄ» አሉ ጋሽ ልሳኑ።

«ኧረ ተው ጋሽ ልሳኑ! ናሁ እኮ ገብቷል። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም እንባዬ አስቸግሮኝ ባለቤቴ ናት መሐረብ ያቀበለችኝ።» ይህን ብሎ ካስማውን ነቀለና በትሕትና ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ።

እኔና ጋሽ ልሳኑ ወደ መጽናናት መሥሪያ ቤት ሄድን። ሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለን።

«ልጄ ሞቷል» አሉት ጋሽ ልሳኑ። «ላለቅስለት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«ከሞተ ታዲያ በዚያ በር የገባው ማን ነው?»

«እኔ የጻፍኩት ነው። የተጫወተውም ይኸው፣ ይህ ልጅ ነው።»

ሹሙ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ፊቱ በራ። «ታዲያ ምን ቸገረዎት? ይኸው አብሮዎት አይደል!» ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ የጻፉትን እርስዎ ካላመኑት፣ ያ ሁሉ እናት ምን ይሁን? እስቲ ያስቡት።»

ጋሽ ልሳኑ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ሹሙ «ያ ሁሉ እናት» ያላቸው እሳቸው የጻፉላቸው እናቶች ናቸው፤ እያንዳንዷ ድንኳኗ ግድግዳ ተደግፎ የቀረ። ስንመለስ ጋሽ ልሳኑ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ደክሟቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ብይዝ «እኔ ነኝ ያስደገፍኩት» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሻንጣዬን ይዤ ቤታቸው እንድገባ ታዘዝኩ፤ የተመለሰ ልጅ ሌላ ቦታ ሊያድር አይገባማ።

እንዲህ ሆኜ የናሁሰናይ አልጋ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ራሱ የሠራው ጥሩ አልጋ ነው። ጎረቤት «ናሁ፣ እንዴት ዋልክ?» ይለኛል፤ «ደህና» እላለሁ። የእንጨት ሥራ ትምህርት ቤቱ ለምን ቀረህ ብሎ አስጠራኝና አውራ ጣቴን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። አንዲት ልጅ መንገድ ላይ አስቁማ ለምን እንደረሳኋት ጠየቀችኝ፤ ምን ልበላት? እትዬ የውብዳር ምግብ ያቀርቡልኛል፣ ልብሴን ይተኩሱልኛል፣ ዓይናቸው ግን አያየኝም። ክፉ ቃል አንድ ቀን አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! ለቅሶ ተከልክሎ የሚኖርበት ቤት አየሩ ራሱ ይከብዳል፤ ውጭው ብርድ ቢሆንም እየወጣሁ በረንዳ ላይ እቆም ነበር።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ የውብዳር የሚሰፉትን ልብስ አስቀምጠው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ መሞት ታውቅበታለህ አይደል?»

«ድሮ አውቅበት ነበር፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሙትልኝ። እዚሁ፣ ፊቴ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ወደ ጋሽ ልሳኑ ዞርኩ። ከአዋጁ ወዲህ የሞት ትዕይንት ጽፈው አያውቁም። ተነሥተው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፉና ሲቀዳድዱ ከርመው ግማሽ ገጽ የማትሞላ ነገር ሰጡኝ። የዚያ ሁሉ ዘመን ደራሲ የመጨረሻ ሥራቸው እሷ ናት።

በሚቀጥለው እሑድ ጠረጴዛውን ጥግ አስያዝነውና ወለሉ ላይ ተኛሁ። ተመልካቾቼ ሁለት ናቸው፤ በሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «መላጊያዬ ውጭ እንዳያድር፤ አባዬ ለዕቃ አይጠነቀቅም» አልኩ። «ለእማዬ እግሬ አልበረደውም በላት» አልኩ። ትንሽ ቆየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ሞትኩ። በዘመኔ ብዙ ሞቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን መነሣት የጠላሁበት ጊዜ የለም። እትዬ የውብዳር መጥተው ተንበረከኩና በእጃቸው ዓይኔን ከደኑት። «ናሁዬ» አሉ። ከዚያ በኋላ የወጣቸው ጩኸት ያን ሁሉ ወር እዚያ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት የኖረው ነው። ጋሽ ልሳኑም ደረታቸውን እየመቱ ተከተሉ።

ጎረቤት ሰማ። ምን ሆናችሁ ያለ ግን አልነበረም። አንድ በአንድ እየገቡ ዙሪያዬን ተቀመጡና አብረው አለቀሱ፤ ያች መንገድ ላይ ያስቆመችኝም ልጅ መጣች። የሰፈሩ ሹም ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዓይኑንም ጠረገ። ከዚያ ሥራው ነውና ሄዶ ከሰሰ።

ጋሽ ልሳኑን ወሰዷቸው። ክሱ ከጦር ሜዳ በሰላም የተመለሰ ልጃቸውን በድርሰት ገድለዋል የሚል ነበር። እስር ቤት ሄጄ በሽቦው በኩል አነጋገርኳቸው።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ችሎት ቀርቤ ናሁሰናይ ማለት እኔ ነኝ፣ ይኸው አልሞትኩም እላለሁ። ወዲያው ይለቁዎታል።»

«እንዳታደርገው!»

«ዕድሜ ልክ ነው እኮ የሚፈርዱብዎት።»

«ይፍረዱ። አንተ አለሁ ካልክ የውብዳር ለልጇ ማልቀስ እንደገና ልትከለከል ነው። እኔ ያን ሁሉ እናት ከልክያለሁ፤ እሷን አልከለክልም። ማን እንደሆንክ ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር። አደራ ብያለሁ።»

በችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዳኛው ከሥርዓት አንዲት ነጥብ የማያጎድሉ ሽማግሌ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ አስነሥቶ ጠየቀኝ።

«ናሁሰናይ ልሳኑ ማለት አንተ ነህ?»

አዎ ብል ሰውየው ነጻ ይወጣሉ፣ የምወዳቸው ሰው ናቸው። ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም።

«አይደለሁም» አልኩ። «በሪሁን ነኝ። ተዋናይ ነኝ።»

«ናሁሰናይስ የታለ?»

«ሞቷል።»

ዐቃቤ ሕጉ የፈለገውን ያገኘ መስሎት ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። የመጽናናት ሹሙ ከኋላ ሆኖ ለዳኛው እጁን ማወናጨፍ ጀመረ፤ ምን ሊመጣ እንደሆነ የገባው እሱ ብቻ ነበር፣ ግን ዘገየ። ዳኛው ምልክት አይቀበሉም። መነጽራቸውን አስተካክለው ፍርዱን አሰሙ። «ፍርድ ቤቱ፣ ተከሳሹ ሟች ናሁሰናይ ልሳኑን መግደሉን አረጋግጧል።»

መርዶ ከተከለከለ ወዲህ በዚያ አገር ስለ አንድ ዘማች «ሟች» የሚል ቃል ከባለሥልጣን አፍ ሲወጣ የሰማ አልነበረም። እትዬ የውብዳር ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ይድገሙልኝ።»

አልሰማሁም ላለ ባለጉዳይ ቃሉ ይደገምለታል፤ ሥርዓቱ ነው። «ሟች ናሁሰናይ ልሳኑ» አሉ ዳኛው ጎላ አድርገው። እትዬ የውብዳር ጥቁር ነጠላቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ደረቡና እዚያው፣ በሰው መካከል፣ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ። ፖሊሱ ሊያስቆማቸው ሲሄድ ዳኛው ከለከሉት። «ልጃቸው መሞቱ በፍርድ ተረጋግጧል። ያልቅሱ።»

ጋሽ ልሳኑ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ ወደ ሚስታቸው እያዩ ነበር፤ እኔን ዞረውም አላዩኝ። ወደ ሰሜን፣ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ወሰዷቸው ሲባል ሰማሁ እንጂ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት የፍርድ ቤቱ በረኛ በሩን ሲከፍት ሰልፍ ጠበቀው። ጥቁር ልብስ ጠቅልለው በብብታቸው የያዙ እናቶች፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ አባቶች ናቸው፤ ሰልፉ መታጠፊያውን አልፎ ይሄዳል። ከፊት የቆሙት አንዲት ዳቦ ሻጭ ናቸው።

«ምን ፈልገው ነው?» አላቸው በረኛው።

«ልጄን ገድያለሁ» አሉ። «ፍረዱብኝ።»

በረኛው ግራ ገብቶት ከኋላቸው ያሉትን ሽማግሌ አየ። «እርስዎስ?»

«እኔም» አሉ ሽማግሌው። «ሁለቱን።»

በረኛው በሩን መልሶ ዘጋው። በረዶ ይጥል ነበር፤ ማንም ግን ተራውን አልለቀቀም።